ድምፅዋ የጠፋ መኪና

በደርግ ጊዜ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ሰፈር ስኖር፣ ስትነሳ የጎረቤት ብርጭቆ የምታንቀጠቅጥ አሮጌ መኪና ነበረችኝ። የሞተሩን ንዝረት የሚያረጋጋው፣ ባላንሰር የሚሉት ዘንግ እንደተበላ መካኒክ ነገረኝ። እሁድ ዕለት ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልቀይረው ተነሳሁ።

አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ልገጥም ስል ቀና ብል፣ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጋሽ በቀለ ጠመንጃቸውን አንግተው በአጥሩ ላይ ያዩኛል።

«ሩቅ ልትሄድ ነው እንዴ ሞተር የምታድሰው?»

ከሐዋሳ ሩቅ ማለት ሞያሌ ነው፤ ከሞያሌ ወዲያ ደግሞ ኬንያ። ለመኮብለል ሲዘጋጅ ተያዘ መባል ቀላል ነበር።

«ኧረ የት እሄዳለሁ ጋሽ በቀለ! መንቀጥቀጧን ላስተዋት ብዬ ነው» አልኩ፣ እኔው እየተንቀጠቀጥኩ።

ሞተሩን አንዴ አይተው ሄዱ።

ዘንጉን ገጥሜ ሳስነሳት መነሳቷም አይታወቅ። እኔ ግን ደስታው አልመጣልኝም። ሰኞን እየተሳቀቅኩ በመኪናዬ ሥራ ውዬ ገባሁ። ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተደበደበ። ወትሮ «ልጄ» የሚሉኝ ጋሽ በቀለ «ጓድ፣ ና ውጣ!» አሉ። ሚስቴ ጋቢዬን አቀበለችኝ፤ የታሰረ ሰው ሲሚንቶ ላይ እንደሚተኛ ታውቃለች።

ደጅ ስወጣ ጋሽ በቀለ ግራ ቀኙን አዩና ጆሮዬ ሥር አንሾካሾኩ፦

«መውጣት መግባትህን ለቀበሌው ሊቀመንበር የምነግረው አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ የመኪናህን ጩኸት እየሰማሁ ነበር። ትናንት ሲጠይቀኝ የምለው አጣሁ! በዚህ ዕድሜዬ ቆሜ ልጠብቅህ ነው? ወይ እንደነበረች አድርጋት፣ ወይ በቤቴ ስታልፍ ክላክስ አድርግ!»