አባዬ ባቡር ያስቆመ ዕለት

ጎሮ፣ ቤቴ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ደወሉ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሲመቱት እጄ ሳላዝዘው ወደ ፀጉሬ ይሄዳል።

ያደግሁት ከቦሌ በስተደቡብ፣ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት፣ አባዬ ኃላፊ፣ ባቡረኞቹ እንደሚሉት «ሸፍ»፣ በነበረባት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። ባቡሩ ከእኛ በፊት ካለው ጣቢያ መነሳቱ በስልክ ሲነገረው፣ አባዬ ወጥቶ የተንጠለጠለውን ሐዲድ ይመታ ነበር፤ የሰፈሩ ሰውም ያኔ ስንቁን ቋጥሮ፣ ጎረቤቱን ተሰናብቶ፣ ቀስ ብሎ ይወጣ ነበር። ሰዓት የሚያይ አልነበረም፤ ባቡራችን በሰዓቱ መጥቶ አያውቅማ!

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በአንዱ ሐምሌ፣ ድሬዳዋ ያሉት አያቴ በጠና ታመው እማዬ ልትሄድ ተነሳች። አባዬ «ምን ያጣድፍሻል? ብረቱን ስመታ ትወጫለሽ» ስላላት፣ አስቀምጣኝ ፀጉሬን ትሠራኝ ጀመር። ለካ ዝናቡ የስልኩን ሽቦ በጥሶት ኖሮ፣ ባቡሩ ማንም ሳይነግረን፣ ያውም በሰዓቱ፣ እያፏጨ ገባ። እማዬ አንዱን ጎኔን ሠርታ ሌላውን እንደተበተነ ትታ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በጭቃው ሮጠች። አባዬ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራውን ይዞ ያያት ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ነጋዴ ባቡሩን አቆይልኝ ብሎ ቢለምነው «ለማንም አላስቆምም» ብሎ መልሶት ስለነበር፣ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየው፣ ለሚስቱ ሲሆን አስቆመ እንዳይባል፣ አረንጓዴውን አነሳ፤ ባቡሩም ጥሏት ሄደ። እማዬ በቀጣዩ ባቡር ስትደርስ እናቷ ተቀብረው ነበር። ይሉኝታ ክፉ ነው።

መስከረም ላይ ተመለሰች። አንድ ቃል አልወቀሰችውም፣ ምሳውንም እንደ ድሮው ትወስድለት ነበር፤ ብቻ ብረቱ ሲመታ ከቤት አትወጣም ነበር።

በበጋው ባቡሩ በእኛ ጣቢያ እንዳይቆም ተወሰነ። ለመጨረሻ ጊዜ በቆመ ዕለት አንድም ተሳፋሪ አልነበረም። አባዬ ግን ቀዩን ባንዲራ አንስቶ ባቡሩን ያዘው። ነጂው አንገቱን አውጥቶ «ሸፍ፣ የሚጠብቁት ሰው አለ እንዴ?» ቢለው፣ «አንዲት ሴት ቀርታብኛለች» አለው።

እማዬ ከበሩ ላይ ሆና ሰማችው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሳትቸኩል ሄዳ አጠገቡ ቆመች፣ ከዚያም አረንጓዴውን ባንዲራ ከእጁ ወስዳ ራሷ አነሳችው። አባዬ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ሁለቱም የሉም፣ ጣቢያዋም ቆርቆሮዋ ተገፍፎ የፍየል መጠለያ ሆናለች። የልጄን ፀጉር ስሠራ የትምህርት ቤቱ ብረት ሲመታ «እማ፣ ረፈደብኝ!» ብላ ብድግ ትላለች። «ይጠብቁሽ» እላታለሁ፣ የጀመርኩትን ሳልጨርስም አልለቃትም።