ሻሸመኔ ሳይደረስ የሚያልቅ አገር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባደድ ጥቂት ሲቀረው ነው። ዛሬም በማለዳ የግቢያችን በር ሲንኳኳ ልቤ ድንግጥ ይላል። ስለዚህ አልረሳሁትም፤ የምረሳውም አይመስለኝም።

የምኖረው አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ አለፍ ብሎ ካለው ሰፈር፣ ከእናቴ ጋር ነው። ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ታናሽ እህቴ ምሕረት የቤት ሠራተኛ ሆና ሊባኖስ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ከገና ወዲህ ግን ስልኳ አልሠራ አለ፤ የላካት ደላላም ስልክ ማንሳት ተወ።

እናቴ እንቅልፍ አጣች። እኔ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ዝም ብዬ ማየት አልችልም፤ አንድ ነገር ካልተናገርኩ የማይቀለኝ ዓይነት ሰው ነኝ። ስልኬ ላይ ካርታ ከፈትኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ተመልከቺ እማዬ፣ ሊባኖስ ይቺ ናት። የእኛ አገር ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ ትገባለች። ከጫፍ እስከ ጫፏ በመኪና ብትሄጂ፣ ከዚህ ተነስተሽ ሻሸመኔ ሳትደርሺ አገሩ ያልቃል። በጎኗ ከሆነማ ሞጆን ትንሽ ብታልፊ ነው። እዚህች ውስጥ ሰው የት ይጠፋል?»

እናቴ ጣቴን ተከትላ አየች። የእኛ አገር የስልኩን መስታወት ሞልቶታል፤ ያቺኛዋ በጥፍሬ ትሸፈናለች። ትንሽ ቀለል ያላት መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊጠይቃት ለሚመጣ ሰው ሁሉ «አገሩ እኮ ትንሽ ነው፤ ሻሸመኔ እንኳ አይደርስም» ትል ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም የምጽናናው በዚሁ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ፀሐይ ገና አልወጣችም። ወደ ሥራ ለመሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። በሩ ሲንኳኳ እናቴ ቀድማኝ ከፈተች። ደጃፉ ላይ ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ነጠላቸውን ተከናንበዋል። በመካከላቸው የማናውቃት፣ ሂጃብ ያደረገች ወጣት ሴት ቆማ ታለቅሳለች።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። የሚያረዳ ሰውም ብቻውን አይመጣም። እናቴ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም። «ልጄን!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ያስቁመው? አንዷ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ «ኧረ አይደለም፣ ኧረ ስሙን» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ሰፈሩ እሪታውን ሰምቶ ወጣ። የመጣው ሁሉ ምን ሆነ ብሎ ሳይጠይቅ ደረቱን ይደቃል። የእድራችን ዳኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ድንኳኑ ወዴት በኩል ይተከል ብለው ጠየቁኝ። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብያለሁ። እህቴ ሞታለች ብዬ አምኛለሁ።

በመጨረሻ ዝም ያሰኘችን ያቺ እንግዳ ሴት ናት። እናቴ አጠገብ ተንበርክካ ስልኳን አወጣች።

«እማማ፣ በአላህ ይስሙኝ። ምሕረት በሕይወት አለች። ድምጿን ይዤልዎት መጥቻለሁ።»

ከስልኩ በመጀመሪያ የመኪና ክላክስ ተሰማ። ከዚያ ከሩቅ የምትጣራ የምሕረት ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ ደህና ነኝ። ስልኬን ወስደውብኝ ነው። እንዳታስቢ።» እናቴ ለቅሶዋን ዋጠች። ልጅቷ ደግማ አሰማቻት። እናቴ አሁንም ድገሚልኝ አለቻት። ግቢውን የሞላው ሰው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጥ ነበር።

ልጅቷ ዘይነባ ትባላለች። ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ የሚኖሩት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሥራ ውሏ አልቆ ከሊባኖስ ስትመለስ ከአውሮፕላን የወረደችው በዚያው ማለዳ ነበር። ወንድሟ ሻንጣዋን መኪና ላይ ጭኖ አስፋልቱ ዳር ይጠብቃታል፤ እናቷ ደግሞ ቤት ሆና ትጠብቃለች። ምሕረት የአንዳችንንም ስልክ ቁጥር በቃሏ ስለማታውቅ የነገረቻት ሰፈራችንን ብቻ ነው። ዘይነባ ሐዲዱን ተሻግራ ስትጠይቅ ከቤተ ክርስቲያን ከሚመለሱት ጎረቤቶቻችን ጋር ተገናኘች፤ እነሱም ይዘዋት መጡ። ያስለቀሳት በራችን ነው። ምሕረት እንደነገረቻት አረንጓዴ ሆኖ ስታገኘው እንባዋን መቆጣጠር አቃታት።

ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ እናቴ «ድምጿ ለምን እንዲህ ራቀ?» ብላ ጠየቀቻት።

«መንገድ ማዶ ሆና ስለሆነ ነው እማማ። እኔ የምሠራበት ፎቅና የእሷ ትይዩ ናቸው። የምናወራው በረንዳ ላይ ልብስ ስናሰጣ ነው።»

«መንገዱ ምን ያህል ይሰፋል?»

ዘይነባ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «ከዚህ እስከ ጎረቤት አጥር ቢሆን ነው።»

«ታዲያ ተሻግረሽ አላየሻትም?»

«በሩ ይቆለፍብናል እማማ። በእሷም በእኔም ላይ። አንድም ቀን አጠገብ ለአጠገብ ቆመን አናውቅም።»

የሚሠሩባት ከተማ ከተራራው ማዶ እንደሆነች፣ በክረምቱ በረዶ መንገዱን እንደሚዘጋው ነገረችን። የአክስቷ ልጅ ከተራራው ወዲህ፣ ባሕሩ ዳር ባለው ከተማ ትሠራለች፤ እሷንም ሳታያት ተመለሰች። እኔ ካርታዬን አሰብኩ። ስለ አገሩ ስፋት የተናገርኩት ሁሉ ልክ ነበር። እህቴን ግን ከዚያ ሁሉ አገር የደረሳት አንድ ቤትና አንድ በረንዳ ነው።

ዘይነባ የሰጠችንን አድራሻ ይዘን በየቢሮው ተመላለስን። ከወራት በኋላ ምሕረት ከስታም ቢሆን በሕይወት ቤቷ ገባች። በመጣች ሳምንት ኮዬ ፈጬ ይዣት ሄድኩ። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ማውራት ሲጀምሩ ግን ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ነበር። ጉልበታቸው እየተነካካ ይጣራሉ። የዘይነባ እናት ከጓዳ ብቅ ብለው «ምን ያስጮኻችኋል ልጆቼ?» ሲሉ ሁለቱም ድንገት ዝም አሉ። ምሕረት እጇን ዘርግታ የዘይነባን ጉንጭ ቀስ ብላ ነካች። እኔ ተነስቼ ወደ ደረጃው ወጣሁና አለቀስኩ።

ዘይነባ የራሷን እናት ከማቀፏ በፊት የእኔን እናት ከመሬት አነሳችልኝ። ይህን ውለታ በምን እንደምመልሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱ ያልተሻገሩትን ያን ጠባብ መንገድ ሳስብ ግን፣ እህቴ ከጎኔ ተቀምጣ እያየኋት እንኳ ሆዴ ይቃጠላል።