ቅቤ የጠጣው ጠመንጃ

ይህን ታሪክ በስደት በምንኖርባት በጀርሚስተን ከተማ ላሉ ደንበኞቹ አስቀድሞ ያወራው ባለሱቁ ማቴዎስ ነው፤ የደረሰው ግን በእኔ በመምህሩ ላይ ነው። አከራዬ ሚስተር ፒት በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርሰውን የአያታቸውን ጠመንጃ ለተኩስ ውድድር እንዳጸዳላቸው ሰጡኝ። እኔም እንደ አገሬ ልማድ በንጥር ቅቤ ወለወልሁት፤ ወለወልሁት ማለቴ ስህተት ነው፣ አጠጣሁት።

በውድድሩ ቀን ሚስተር ፒት ቃታውን ሁለት ጊዜ ቢስቡም ቀጭ ከማለት በቀር አልተኮሰም።

«መምህር፣ ምን ቀቡት? ባሩድ እኮ ቅባት አይወድም!» አሉኝ ሚስተር ፒት።

«ጋሼ፣ ጠመንጃውን አስገደፉት!» አለኝ ማቴዎስ።

በሦስተኛው ጮኸ፤ ከጭሱም የቁሌት ሽታ ወጣ። ሚስተር ፒት ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ መጨረሻ ወጡ።

ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ስሰጋ ሰንብቼ፣ ዛሬ ጠዋት ሻንጣዬን ስሸክፍ በሬን አንኳኩ።

«መምህር፣ ከዚያ ቅቤ ተርፎዎታል? ሥጋ እየጠበስሁ ነው።»

ቅቤውን ሰጥቼ፣ ሻንጣዬን ፈትቼ፣ ይህን በዛሬዋ ቅዳሜ ጻፍሁት።