ጠርዝ ላይ የቆመ ይወፍራል

ባለፈው እሑድ ሳሮን ትሮይቪል ሰፈር ወዳለው ቤቴ ድረስ መጥታ አንዲት ትንሽ ሌንስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ይፍረዱልኝ» አለችኝ። የጓደኛዬ የኤርሲዶ ልጅ ናት። እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች፣ በስልኳ የፈለገችውን ማንሳት እየቻለች «የፊልም ካሜራ ካልያዝኩ» ብላ አሮጌውን ካሜራዬን የወሰደችብኝ ልጅ። ሌንሷ ለዚያ ካሜራ የምትሆን ናት። ሰፊ ቦታ ትይዛለች፣ በደብዛዛ ብርሃን ታነሳለች፣ ደግሞም ርካሽ ናት።

«ሪቪው ላይ ግን ኤጁ ሶፍት ነው፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ሰው ይለጥጣል ይላሉ። ልመልሳት እንዴ?»

መለጠጥ የሚለውን ቃል ስሰማ የድሮው ብስጭቴ ተነሳብኝ። እዚህ አገር የሚዘንበው በበጋ ነውና ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር፤ እኔ ግን ወደ ሂልብሮው ሰፈር ክረምት፣ ወደዚያ ደረቅ ብርድ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ፎቶ ቤት ወጥቼ እዚህ በመጣሁ በዓመቱ፣ ከኤርሲዶና ከከድር ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። ኤርሲዶ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ብርድ ልብስ ተሸክሞ በየሰፈሩ እያዞረ ይሸጣል። የቡታጅራው ከድር ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። እኔ ደግሞ ያገራችንን ሰዎች በየክፍላቸው እየዞርኩ አነሳለሁ፣ እነሱም ፎቶውን ለቤተሰብ ይልካሉ። ክፍሎቹ ጨለማ ናቸው። መስኮቱ የሚያየው የሌላውን ፎቅ ግድግዳ ነው። ፍላሽ ስጠቀም የሰው ግንባር እንደ መስታወት ያበራል። ስለዚህ ብርሃን አጥብቃ የምትስብ ሰፊ ሌንስ ሕልሜ ነበረች፤ የሚገኙት ሁሉ ግን ለእኔ ቢጤ አይቀመሱም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥ ሽማግሌ የማይታወቅ ሠሪ የሠራትን ርካሽ ሌንስ አሳየኝና «እስከ ቅዳሜ ቀትር ሞክራት፣ ካልተስማማችህ መልሳት» አለኝ።

ሬንጅፋይንደር የሚባለው የእኔ ዓይነት ካሜራ አንድ ጠባይ አለው። ዓይንህ የሚያይበት መስኮት ሌላ ነው፣ ፎቶውን የሚያነሳው ሌንስ ሌላ። ሌንሱ የሚሠራውን ተንኮል ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ አታውቅም። እኔም ሥራዬን በወጉ ልሠራ ብዬ ጓደኞቼን ግድግዳው ሥር በረድፍ አቆምኳቸውና «አትንቀሳቀሱ» አልኩ። ከድር በፓፕ፣ በዚህ አገር የበቆሎ ገንፎ፣ የሚበላውን ሽሮ ሳያስቀምጥ ቆመ። ሦስቴ ብለምነው ሦስቴ ጎረሰ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ መሃሉ ጥሩ ነበር። ጠርዙ ግን ጠቁሯል፣ ደብዝዟል፣ ከዚያም ብሶ ጠርዝ ላይ የቆመው ከድር ጉንጩ አብጦ ትከሻው ሰፍቶ እንደ ሊጥ ተጎትቷል። ሰፊ ሌንስ ሁሉ ጠርዝ ላይ መለጠጡን አውቃለሁ፤ ይችኛዋ ግን አበዛችው። ልመልሳት ወሰንኩ።

ከድር ፎቶውን ነጥቆኝ «ማሻአላህ! ይኼ እኔ ነኝ?» አለ።

«ስህተት ነው፣ ከድር። ሌንሷ ናት።»

«የምን ስህተት? ወፈርኩ እኮ! አባቴ ይኼን ቢያይ ሱቁ የራሴ መስሎት ሰፈሩን ይጠራል። አብዛልኝ!»

ስለ ሌንስ አስረዳሁት፣ በወረቀት ሥዬ አሳየሁት፣ ጮህኩበት። የሰማኝ የለም። ወሬው በፎቁ ሁሉ ተሰማና ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሁሉ ጠርዝ ላይ ካልቆምኩ ማለት ጀመረ። መሃሉ ባዶ፣ ግራና ቀኙ ግፊያ!

ኤርሲዶ ብቻ አልሳቀም። ሳንባውን ታሞ ከሆስፒታል በቅርቡ ነበር የወጣው፤ ድኗል፣ ግን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። አገር ቤት ደግሞ ሞቷል የሚል ወሬ ደርሷል። ስልክ ደውሎ ቢያናግራት እናቱ አላመነችም። እኛ አገር መርዶ ይደበቃል፤ ሰው እስኪዘጋጅ ድረስ ደህና ነው እየተባለ ይቆያል። እናቱም ድምፁን የሚያስመስል ሰው አቁመው የሚያታልሏት መስሏት እህል መቅመስ ትታለች። ፎቶ ይላክላት እንዳይባል፣ ያን ገላ ብታይ ወሬው እውነት ሊሆንባት ነው።

«ወንድሜ፣ ሌንሷን ከመመለስህ በፊት እኔንም እዚያ ጋ አቁመኝ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ላነሳው ተነሳሁ። ኤርሲዶ አንዱን ጠርዝ ያዘ። ከድር ሌላውን ጠርዝ አለቅም አለ። ኤርሲዶ «እናቴ ከማን ጋር እንደምኖር ትይ» ብሎ እኔን መሃል ስለጎተተኝ ካሜራውን ለዙሉዋ ጎረቤታችን ሰጠኋት። ሸሚዝ ሲቀየር፣ ፀጉር ሲበጠር፣ ኤርሲዶ «ትንሽ ወደ ውጭ ልጠጋ?» ሲል ቀኑ ተጋመሰ። እየሮጥኩ ስደርስ ሽማግሌው ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። ሌንሷ እንዲህ ሆና ነው አንገቴ ላይ የቀረችው።

ፎቶው በመንገደኛ ተላከ። ደርሷል በተባለ ጊዜ ሦስታችንም ወደ ስልክ ቤቱ ሄድን። ኤርሲዶ በሀዲይኛ ሲያወራ ቆይቶ እንባው መጣ፣ ከዚያ ደግሞ እያለቀሰ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ።

«አመነች። ጌታ ይመስገን ወፍረሃል አለችኝ። ግን...»

«ግን ምን?»

«ያ መሃል የቆመው ልጅ ታሟል፣ እናቱ አታውቅም እንዴ አለች።»

ጉንፋን እንኳ ያልያዘኝ ሰውዬ! ብዙም ሳይቆይ ከኤርሲዶ እናት ቅቤና በሶ መጣልኝ፤ ሁለቱ ጓደኞቼ እንዳይነኩት አስጠንቅቃለች። ተቆጣሁ፣ ተሳደብኩ፣ በላሁት። እናቴ ገና በልጅነቴ ነው የሞተችው። ከእሷ ወዲህ መክሳቴ ያሳሰበው ሰው አልነበረምና የበሶውን ከረጢት አራግፌ ጨረስኩት።

ይኼን ለሳሮን አውርቼ ሳልጨርስ አባቷ ሊወስዳት መጣ። ደረጃውን ወጥቶ እስኪጨርስ ትንፋሹ አልቋል፤ ዛሬ ኤርሲዶ በየትኛውም ሌንስ የሚቀጥን ሰው አይደለም።

«ሃይቦ!» ብላ በዙሉኛ ተገረመችና «አንድ ላይ ቁሙልኝ፣ ልሞክራት» አለች ሳሮን።

ኤርሲዶ ተሽቀዳድሞ መሃሉን ያዘ። «እዚህ ቀጠን እላለሁ» ብሎ ሆዱን ሰበሰበ።

እኔን ስኳር ከያዘኝ ወዲህ ሱሪዬ ሁሉ ሰፍቶኛል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በደወለች ቁጥር «ድምፅህ ከሳብኝ፣ ፎቶ ላክ» ትላለች፤ እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ከርሜአለሁ።

«ጋሼ፣ ወደ መሃል ጠጋ ይበሉ» አለችኝ ሳሮን፤ «ኤጁ ላይ ይለጠጣሉ።»

«አንሺ» አልኳት፣ ትንሽ ወደ ውጭ ጠጋ ብዬ። «ሌንሷንም እንዳትመልሻት።»