ማንኪራ ላይ ያሳየሁት ለውጥ

የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን ነበር። አረጋውያን ጉልበታቸው እንዳይደክም አሠልጥኜ ለውጥ እንዳሳይ ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ቀበሌ ተላክሁ።

«በእጅዎ ሳይደገፉ ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሱ» አልኳቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸውን እትዬ አስካለችን። ስድስት ጊዜ ተነሡና፣ «በል ደግሞ አንተ» አሉኝ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ።

አረጋውያኑ ወዲያው ግምገማ ተቀመጡ።

«ግለ ሂስ አድርግ፣ ልጄ» አሉኝ ሰብሳቢው ጋሽ ወልዴ።

«ገበያ እንኳ በባጃጅ ነው የምሄደው» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

በየሳምንቱ በእግሬ እየመጣሁ በእትዬ አስካለች ሥር እንድነሣና እንድቀመጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

በሦስተኛው ወር አምስቱንም ተነሣሁ፤ እልልታው ቀለጠ። ለቢሮዬም በኩራት ጻፍኩ፦ «በሥልጠናው አንድ ደካማ በርትቷል።»