የሲስተር የመጨረሻው በሽተኛ

ጎረቤቱ ሁሉ ሲስተር የሚላቸው ነርስ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ እጃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። የልጃቸው ባል የገና ዛፉን ተሸክሞ ገብቶ ማሞቂያው አጠገብ ሊያቆመው ሲል፣ «አንተ! ልትጠብሰው ነው እንዴ?» ብለው ጮኹበት። ደርቆ የተደፈነውን የግንዱን የታች ጫፍ በመጋዝ አስቆርጠው ዛፉን ወዲያው ባልዲ ውኃ ውስጥ አቆሙት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የጎደለውን ውኃ እየለኩ ይሞላሉ፤ ቅርንጫፉ ላይ ባንጠለጠሉት ወረቀት ላይም የጠጣውን ይጽፋሉ። ልጃቸው ይህን ስታይ በሳቅ ፍርስ አለች።

በዓሉ አለፈ። የጎረቤቶቹ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ደጅ ተጣሉ፤ የሲስተር ዛፍ ግን እንዳማረበት ነው።

«እማዬ፣ አሁንስ አንጣለውም?» አለች ልጃቸው።

ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡ።

«ትናንት አንድ ሊትር ጠጥቷል። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ስሠራ፣ ውኃ የሚጠጣ በሽተኛ ሬሳ ክፍል ልኬ አላውቅም።»