ዝንጀሮ የነቀለው ችካል

እንዴ! ወረቀት የሌለውን ሰው «የትኛውን መረጥክ?» ብሎ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው?

ሸምሰዲን ከወሎ ወጥቶ፣ በየመን ጦርነት መሐል አቋርጦ፣ ዓረብ አገር፣ ፈይፋ ተራራ ላይ ከገባ ሦስት ዓመቱ። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። የአሠሪውን የአቡ የሕያን እርከን ይቆፍራል፣ ዝንጀሮ ያባርራል፤ መኪና ሲመጣ ከድንጋዩ ካብ ጀርባ ይሸሸጋል። ከተያዘ ወደ አገር ቤት ነው፤ ባዶ እጁን።

ያን ዕለት የግብርና ባለሙያዎች መጡ። ሦስት ዓይነት ስኳር ድንች አስተክለው፣ «ገበሬው ራሱ ይምረጥ» ብለው ነበር። አቡ የሕያም ገበሬ ነኝ ብሎ ፈርሟል። ገበሬ! ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ አፈር የነካበትን ቀን ሸምሰዲን አያስታውስም። የዘሮቹን ስም የያዙትን ችካሎች ደግሞ ዝንጀሮ ነቃቅሎ ጥሏቸዋል። የቱ የቱ እንደሆነ ቢጠፋበት፣ «ያ ወለድ! ና ውጣ!» ብሎ ተጣራ። ሸምሰዲንን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ሁሌ «አንተ ልጅ» ነው።

ከካቡ ጀርባ ወጣ።

«የትኛው ይሻላል?» አለው ሽማግሌው ባለሙያ።

«እኔ?» ወደ አቡ የሕያ ዞረ፤ አቡ የሕያ መሬት መሬቱን ያያል። ወጥመድ ይሆን? ግን ድንቹን ሲያይ አፉ ዝም አልል አለው። «ያ ትልቁ ዓይን ይሞላል እንጂ ሳይሰነብት ይበሰብሳል። ቀዩን ትል ይጨርሰዋል። ይቺ ትንሿ ናት! ውሃ ቢጠፋም አትደርቅም፤ ስትቀቀል ደግሞ ወላሂ የእንቁላል አስኳል!»

ሽማግሌው ጻፈ። «ስምህስ?»

«ሸምሰዲን» አለ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። ምን ነካኝ?

በሳምንቱ የባለሙያዎቹ መኪና ሲመለስ ሽቅብ ሮጠ። ከድንበሩ፣ ከአል-ሐርስ በኩል መድፍ ያጓራል፤ እሱ የሚሸሸው የመኪናውን ድምፅ ነው። ሲሄዱ ወረደ። ከትንሿ ድንች መደብ ራስ ላይ አዲስ ነጭ ችካል ቆሟል። ቁርአን የቀራ ነውና ዓረብኛውን አነበበው፤ «የሸምሰዲን ምርጫ» ይላል።

ሆዱ ባባ። ወዲያው ደግሞ፣ ፖሊስ ቢያየውስ? ብሎ ነቀለው። ከነቀለው በኋላ አሳዘነው፤ በዚህ አገር ከዚህ በፊት ስሙን የጻፈለት ሰው የለም። ይዞት ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ ግራ ገባው። በመጨረሻ እዚያው መልሶ ተከለው፤ ስሙን ግን ወደ ካቡ አዙሮ።